ቀይ ሸረሪት ሁሉ አንድ አይደለም፦ ሰሞኑን ለተሠራጨ አንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ቀይ ሸረሪት የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ እየተላለፈ ነው። ከወረታ ቲማቲም አምራቾች እስከ ባሕር ዳር የግብርና ተማሪዎች ድረስ ብዙ ሰው አንብቦታል። ጸሐፊው ለገበሬው ከልብ እንደሚያስቡ ከመጀመሪያው መስመር ያስታውቃል። አጻጻፋቸውም ግልጽ ነው። ችግሩ ያለው መደምደሚያቸው ላይ ነው። ያንን ምክር የተከተለ ገበሬ ገንዘቡንም ሰብሉንም ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

መጀመሪያ ያሉትን እንዳሉት ላስቀምጥ። ቀይ ሸረሪት የትም ቦታ ያው ነው፤ የሆላንዱም የወረታውም አንድ ዝርያ ስለሆነ የዘረ መል ልዩነት የሚባለው ነገር ለገበሬው አይጠቅመውም ይላሉ። ለዚህም እምቦጭን በምሳሌነት ያነሣሉ፤ ከውጭ የመጣ አንድ ነገር፣ የትም ቢሄድ ተመሳሳይ። መድኃኒት ተረጭቶ ካልሠራ ጥፋቱ የመድኃኒቱ ወይም የረጪው ነው፤ መፍትሔውም ትክክለኛውን መግዛትና መጠኑን ከፍ ማድረግ ነው ይላሉ። ከዚያም በውጭ አገር ውጤት ያሳየ፣ ቀይ ሸረሪትን የሚበላ አዳኝ ማይት የሚባል ጥቃቅን ፍጥረት አምጥቶ መልቀቅ ነገሩን እንደሚቋጨው ይጽፋሉ። መሐል ላይ ደግሞ የጣና ዙሪያ በተራራ ስለተከበበ ተባዩ ከሌላ ቦታ አይገባም የሚል አስተያየት አለ። በመጨረሻም የተባይን ዘረ መል ማጥናት ቅንጦት ነው፤ ገንዘቡ ለመርጫ መግዣ ይዋል ይላሉ።

ወደ መልሱ ከመግባቴ በፊት ስለ ፍጥረቱ ትንሽ ልበል። ቀይ ሸረሪት ከነፍሳት ወገን አይደለም። ስምንት እግር ያለው፣ ለመዥገር የሚቀርብ ማይት ነው። ሴቷ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ብትሆን ነው። መጋቢት ላይ ከፎገራ ማሳ አንድ የቲማቲም ቅጠል ቀጥፋችሁ ገልብጡትና በማጉያ መነጽር እዩት። ከቅጠሉ ደም ሥር ጥግ ቀጭን ድር ይታያል። በድሩ ሥር የጠሩ ክብ እንቁላሎች ተበትነዋል። በመካከላቸው የምትርመሰመሰው ሴት ግራና ቀኝ ጎኗ ላይ ጠቆር ያለ ነጥብ አላት። ቅጠሉን በመርፌ መሰል አፏ እየወጋች ውስጡን ትመጥጣለች። የተመጠጠው ቦታ በቅጠሉ ላይኛው ገጽ ነጭ ነጥብ ሆኖ ይወጣል። ነጥቡ ሲበዛ ቅጠሉ ይገረጣል፣ ይጠወልጋል፣ ይደርቃል። ገበሬው አብዛኛውን ጊዜ ነገሩን የሚያየው እዚህ ሲደርስ ነው።

አሁን «ያው አንድ ዝርያ ነው» ወደሚለው ልሂድ። ሲጀመር ማሳ ላይ ቀይ ሸረሪት ብለን የምንጠራው ራሱ አንድ ዝርያ ላይሆን ይችላል። በአፍሪካ ቲማቲም ላይ በደንብ የሚታወቁ ቢያንስ ሁለት አሉ። አንዱ ቴትራኒከስ ኡርቲኬ ነው። በዓለም ሁሉ ተሠራጭቷል፤ ከ1,100 በላይ በሆኑ የዕፅዋት ዓይነቶች ላይ ተገኝቷል። ሌላው ከደቡብ አሜሪካ የተነሣው ቴትራኒከስ ኢቫንሲ ነው። እርሱ በተለይ የቲማቲምን ወገን ይወዳል። የሁለቱን ሴቶች መለየት ለባለሙያም ያስቸግራል። ባለሙያው የወንዱን የመራቢያ አካል ቅርጽ በማይክሮስኮፕ አይቶ ነው የሚለየው። ያ ካልሆነ ዲኤንኤ ያስፈልጋል። ቀለሙም አያስተማምንም፤ ኡርቲኬ ራሱ አረንጓዴም ቀይም ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ቀይ መሆኑን አይቶ ዝርያውን መናገር አይቻልም።

ይህ ለገበሬው ምን ያደርግለታል የሚል ይኖራል። ቲማቲም ሲወጋ ዝም ብሎ እየተበላ አይቀመጥም። የተባዩን የምግብ መፈጨት የሚያውኩ ፕሮቲኖችን ማምረት ይጀምራል። ብዙው ኡርቲኬ ይህን መከላከያ ይቀሰቅሰዋል። ኢቫንሲ ግን ያፍነዋል። ተክሉ እየተበላ ራሱን አይከላከልም ማለት ነው። ከዚህም በላይ፣ ከኔዘርላንድስ የተሰበሰቡ የኡርቲኬ መንጋዎችን፣ ማለትም በየቦታው አብረው የሚራቡ ማይቶችን፣ ያነጻጸሩ ተመራማሪዎች አንዳንዱ መንጋ መከላከያውን ሲቀሰቅስ ሌላው ሲያፍን አግኝተዋል። ዝርያው አንድ ነው፤ አገሩም አንድ ነው። ጸሐፊው የሆላንዱ ከወረታው ጋር አንድ ነው ብለዋል። የሆላንዱ ግን እርስ በርሱ እንኳ አንድ አይደለም።

የኢቫንሲም ታሪክ የሚያሳየው ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ሲገለጽ ናሙናው የመጣው ከሞሪሸስ ነበር። በ1979 ዚምባብዌ ላይ ታየ። በ1990ዎቹ ፖርቱጋልና ስፔን ገባ። በ2001 ኬንያ ላይ ተመዘገበ። ከየአገሩ ናሙና ሰብስበው ዲኤንኤውን ያነበቡ ተመራማሪዎች ሁለት የዘር ሐረግ አገኙ። አንደኛው ከአፍሪካ እስከ አውሮፓ ተንሰራፍቷል። ሁለተኛው በጥቂት ቦታ ተወስኖ ቀርቷል። ከፍተኛው ልዩነት የታየው ብራዚል ውስጥ ነው፤ መነሻውም ወደዚያ እንደሚያመለክት የታወቀው በዚህ ነው። እንግዲህ ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነች። ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ይበርዳል። እዚህ የደረሰው ማይት ከየትኛው ሐረግ ነው የሚለው ጥያቄ ክረምቱንና ብርዱን እንዴት ያልፈዋል ከሚለው ጋር የተያያዘ ነው። የተማሪ ወግ ብቻ አድርጎ ማየት አይገባም።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው የምሰጣቸው ነገር አለ። ከትውልድ አገሩ ወጥቶ የተሠራጨ ተባይ ልዩነቱ ሊመነምን ይችላል። የኮኮናት ማይት ጥሩ ምስክር ነው። በአሜሪካ አህጉር፣ በተለይ ብራዚል ውስጥ፣ ልዩነቱ ሰፊ ሆኖ ሲገኝ ከአፍሪካና ከእስያ የተወሰዱት ናሙናዎች ከሞላ ጎደል ተመሳሳይ ነበሩ። ስለዚህ የእኛው አካባቢ ማይትም በየቀበሌው ተመሳሳይ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ግን የኮኮናቱ ነገር የታወቀው ናሙና ተሰብስቦ፣ ተነብቦ ነው። ሳያዩ አንድ ነው ማለትና አይቶ አንድ ነው ማለት ለየቅል ናቸው።

የእምቦጩ ምሳሌ ብዙ አንባቢ የነካ ይመስለኛል። እምቦጭ እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ መታየቱ ከተነገረ ወዲህ ዳር ዳሩ ላይ ያለው ሰው ያሳለፈውን ሁላችንም እናውቃለን። ጸሐፊው እምቦጭ በየአገሩ በዘረ መል ተመሳሳይ ነው ማለታቸውም ልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ጥናት ከደቡብ አሜሪካ ውጭ የተንሰራፋው እምቦጭ አብዛኛው የአንድ ተክል ቅጂ መሆኑን አሳይቷል። ምክንያቱ የአረባቡ ዘዴ ነው። ዘር ቢኖረውም በአመዛኙ የሚስፋፋው ከጎኑ ቅጥያ እያወጣ ነው። ልጅ የእናቱ ትክክለኛ ቅጂ ይሆናል።

ማይቱ ግን እንዲህ አይራባም። ምሳሌው የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። የኡርቲኬ ሴት የጣለችው እንቁላል ከተዳቀለ ሴት ይወጣል፤ ካልተዳቀለ ወንድ ይወጣል። ሴቷ ስድስት ክሮሞሶም አላት። ወንዱ ሦስት ብቻ፤ ሁሉም ከእናቱ። ይህ ምን ያመጣል? እንደ እኛ ከአባትም ከእናትም በሚወርስ ፍጥረት ውስጥ አንድ ደካማ ጂን በሌላው ጂን ተሸፍኖ ብዙ ትውልድ ሊደበቅ ይችላል። የማይቱ ወንድ ግን መሸፈኛ የለውም። መድኃኒት የሚቋቋም ጂን ካለው በመጀመሪያው ርጭት ይተርፋል፤ ከሌለው ይሞታል። ምርጫው ፈጣን ነው። ከዚህ ላይ አንዲት ያልተዳቀለች ሴት ብቻዋን አዲስ ማሳ ብትደርስ ወንድ ልጆች ወልዳ ከእነርሱው ተዳቅላ መንጋ መመሥረት ትችላለች። ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሲጠጋ ከእንቁላል እስከ ጎልማሳ የሚፈጅበት አንድ ሳምንት ገደማ ነው። ቅዝቃዜ ሲኖር ሁለትና ሦስት ሳምንት ይወስዳል። ከኅዳር እስከ ግንቦት ባለው የመስኖ ወቅት ከአሥር በላይ ትውልድ ያልፋል። ሁለት አጎራባች ማሳዎች በተለያየ መድኃኒት ከተረጩ የወቅቱ መጨረሻ ላይ የሚገኙት መንጋዎች የተለያዩ ቢሆኑ ሊገርመን አይገባም።

በጣም ያሳሰበኝ ግን ስለ መድኃኒት የተጻፈው ነው። እውነቱን ለመናገር ግማሹ ትክክል ነው። ጊዜው ያለፈበት፣ የተቀየጠ፣ መለያው የተላጠ ዕቃ ገበያ ላይ አለ። ከላይ ወደ ታች የሚረጭም ብዙ ነው። ማይቱ የሚኖረው ቅጠሉ ሥር ስለሆነ ከላይ የሚረጨው አይነካውም። በቆርኪ እየለኩ የሚቀላቅሉም አሉ። ይህን ሁሉ ማንሣታቸው ጥሩ ነው። ሌላውን ግማሽ ግን ጭራሽ የለም ማለታቸው አያስኬድም።

እስቲ በጸሐፊው ሎጂክ እንሂድ። ከአንድ ካርቶን የወጡ ሁለት ጠርሙሶች፣ አንድ ሰው፣ አንድ መርጫ፣ አንድ መጠን። አንዱ ማሳ ላይ ማይቱ ሲያልቅ ሌላው ማሳ ላይ ቢተርፍ ጥፋቱ የማን ነው? መድኃኒቱ ያው ነው። ረጪውም ያው ነው። የቀረው የተለየ ነገር ማይቱ ነው። ይህ በዓለም ላይ በተደጋጋሚ ታይቷል። ኡርቲኬ ከ90 በላይ የመድኃኒት ዓይነቶችን መቋቋሙ ተመዝግቧል። ከተባዮች ሁሉ በዚህ ፊተኛው ረድፍ ላይ ነው።

እንዴት እንደሚቋቋም ደግሞ በዝርዝር ይታወቃል። አባሜክቲን የሚባለው የማይት መድኃኒት የሚሠራው በነርቭ ላይ ያለን አንድ በር ይዞ ነው። በሩን የሚሠራው ጂን ላይ አንድ ፊደል ሲቀየር መድኃኒቱ በደንብ መያዝ ያቅተዋል። ኢቶክሳዞል የሚባለው ማይቱ ቆዳ እንዳይሠራ ያደርጋል። እዚያም በአንድ ፕሮቲን ላይ አንዲት ቦታ ስትቀየር ማይቱ ያመልጣል። ቢፈናዜት የሚባለው የሌላው መድኃኒት ነገር ደግሞ የባሰ ነው። ለውጡ ያለው ሚቶኮንድሪያ በሚባለው የሕዋስ ኃይል ማመንጫ ውስጥ ነው፤ ሚቶኮንድሪያ የሚወረሰው ከእናት ብቻ ነው። ለውጡ ጸንቶ የያዛት አንዲት እናት ለልጆቿ ሁሉ፣ ለወንዱም ለሴቱም፣ ታወርሳለች። ከማን ጋር ብትዳቀል ለውጥ የለውም። እንዲህ ያለ መንጋ አንድ ቀበሌ ውስጥ ኖሮ ቀጣዩ ቀበሌ ላይ ላይኖር ይችላል። ሁለቱን ቀበሌዎች የሚለየው ዝርያው አይደለም፤ ጂኑ ነው።

ማይቱ መድኃኒት ሳይነካውም ሊጠነክር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ሥራ አለ። ባቄላ ላይ የኖረ መንጋ ወደ ቲማቲም ተዛውሮ ለተከታታይ ትውልዶች ቆየ። ከቲማቲሙ መርዝ ጋር ሲላመድ አንዳንድ ፀረ ተባዮችንም ከቀድሞው የበለጠ መቋቋም ጀመረ። ያ መንጋ በዚያ ጊዜ ውስጥ መድኃኒት አልተረጨበትም። ነገሩ ሊሆን የቻለው ማይቱ መርዝ የሚያፈርሱ ብዙ ጂኖች ስላሉት ነው። ሙሉ ዘረ መሉ እ.ኤ.አ. በ2011 ሲነበብ 90 ሚሊዮን ፊደል ገደማ ሆኖ ተገኘ፤ ለእንዲህ ዓይነት ፍጥረት በጣም ትንሽ ነው። በዚያ ትንሽ መጽሐፍ ውስጥ ግን ከባክቴሪያና ከፈንገስ የተወሰዱ ጂኖች ሳይቀሩ ተገኝተዋል።

አሁን ወደ ምክራቸው እንመለስ፤ መጠኑን ከፍ አድርጉ የሚለው። የተላመደ መንጋ ላይ መጠን መጨመር የቀሩትን ደካሞች ጨርሶ ጠንካሮቹን ብቻ ያስቀራል። በተጨማሪም ማይቱን የሚበሉትን ጠቃሚ ፍጥረታት ይፈጃል። ፓይሪትሮይድ የሚባሉት መድኃኒቶች በዚህ የታወቁ ናቸው፤ ለትል ተብለው ተረጭተው ማይቱ ከበፊቱ በዝቶ ይታያል። ረጪውም ራሱን ይመርዛል። ገበሬው ዛሬ ማድረግ የሚችለው ሌላ ነገር አለ። ሱቅ ሲሄድ የንግድ ስሙን ትቶ በትንሹ የተጻፈውን የመድኃኒቱን ስም ይይ። ባለፈው የረጨው አባሜክቲን ከሆነ ሌላ ስም ያለው ሌላ ጠርሙስ ቢገዛም ውስጡ ያው አባሜክቲን ሊሆን ይችላል። ቀየርኩ ብሎ አልቀየረም።

ስለ ተራራው ብዙ አልልም። ማይት በነፋስ ይሄዳል። ከነፋሱ የሚብሰው ግን ሰው ነው። ችግኝ ከወረዳ ወረዳ ይጓዛል። የቲማቲም ሳጥን በአይሱዙ ተጭኖ ባሕር ዳር ገበያ ይራገፋል፤ ያው ሳጥን ሳይታጠብ ወደ ሌላ ማሳ ይመለሳል። የጽጌረዳ ችግኝ ደግሞ ከባሕር ማዶ ይገባል። ተራራው ይህን አያግድም።

አዳኝ ማይትን በተመለከተ ከጸሐፊው ጋር ብዙ እስማማለሁ። ከመድኃኒት መርጨት እርሱ ይሻላል። ባቱ አካባቢ ያሉ የጽጌረዳ እርሻዎች አዳኝ ማይት ተጠቅመው ርጭት ቀንሰዋል። ግን እዚያ ተክሉ አንድ ነው፣ ቤቱ የተዘጋ ነው፣ የሚበላው ማይትም ይታወቃል። ክፍት የቲማቲም ማሳ ላይ ነገሩ ይለያል። በዓለም ላይ በብዛት የሚሸጠው አዳኝ ፋይቶሴዩለስ ፐርሲሚሊስ ኡርቲኬን በደንብ ይበላል። ኢቫንሲ ላይ ግን አይሳካለትም። ስለዚህ ማሳው ላይ ያለው የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ አዳኙን መግዛት ገንዘብ መበተን ነው።

ከዚህ የበለጠ የሚያስተምረው የዘመዱ የፋይቶሴዩለስ ሎንጂፔስ ታሪክ ነው። የዚህን አዳኝ አራት መንጋዎች ከብራዚል፣ ከአርጀንቲና፣ ከቺሊና ከደቡብ አፍሪካ ወስደው ኢቫንሲን እንዲበሉ ሞከሯቸው። የብራዚሉና የአርጀንቲናው በልተው፣ አድገው፣ ተባዙ። የቺሊውና የደቡብ አፍሪካው አልቻሉም። አራቱም በአንድ ስም የሚጠሩ ናቸው። የጸሐፊውን ምክር ተቀብሎ ቅርብ ነው ብሎ ከደቡብ አፍሪካ ያመጣ ሰው ባዶ እጁን ይቀር ነበር።

በካሳቫም ላይ ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። የካሳቫ አረንጓዴ ማይት እ.ኤ.አ. በ1971 ኡጋንዳ ላይ ከታየ በኋላ በብዙ የአፍሪካ አገሮች ሰብሉን ጎዳ። በ1980ዎቹ ከኮሎምቢያ የመጡ አዳኞች በብዛት ተለቀቁ፤ ሥር ሳይሰዱ ቀሩ። ቆይቶ ከብራዚል የመጣ ቲፍሎድሮማለስ አሪፖ የሚባል አዳኝ እ.ኤ.አ. በ1993 ቤኒን ላይ ተለቀቀ። እርሱ ተላመደ፣ ተስፋፋ፣ ማይቱንም ቀነሰ። ልዩነቱን ያመጣው አዳኙ የትኛው ነው፣ ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ በቁም ነገር መወሰዱ ነው።

የቀረው ቅንጦት ነው የሚለው ነው። ስጋታቸው ይገባኛል። ገበሬው ዛሬ እየከሰረ ስለ ዲኤንኤ ማውራት የሚያናድደው ሰው አለ። ግን የሚያስፈልገው ሙሉ ዘረ መል ማንበብ አይደለም። የመጀመሪያው ሙከራ ማሽን እንኳ አይፈልግም። ከማሳው የተወሰዱ ሴቶችን እርጥብ ጥጥ ላይ በተቀመጠ ክብ የቅጠል ቁራጭ ላይ ማኖር፣ መድኃኒቱን ከውሃ ጀምሮ በተለያየ መጠን መርጨት፣ በማግስቱና በሦስተኛው ቀን የሞተውን መቁጠር ነው። ሳህን፣ ጥጥ፣ ብሩሽና ማጉያ መነጽር ካለ ይበቃል። የወረታው መንጋ በምን ያህል መጠን እንደሚሞት፣ የመራዊው ደግሞ በምን ያህል እንደሆነ በሳምንት ውስጥ ይታወቃል። ልዩነት ከታየ በኋላ ነው ጂኑን መፈለግ የሚመጣው። ያም ቢሆን የታወቀችውን አንድ ቦታ ብቻ ማንበብ ነው።

ሰውም ቦታም አለን። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ዘንዘልማ ላይ የግብርና ኮሌጅ አለው፤ የባዮቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም አለው። የአማራ ክልል ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት መቀመጫው እዚሁ ከተማ ነው። የአዴት ምርምር ማዕከል ሩቅ አይደለም። ለአንድ ተማሪ የመመረቂያ ሥራ የሚሆን ነገር ነው። ከወረታ፣ ከደራ፣ ከቆጋ መስኖና ከዘንዘልማ ዙሪያ ቅጠል መሰብሰብ፣ ግማሹን ማይት በሕይወት ለሙከራ መያዝ፣ ግማሹን ከ95 በመቶ በላይ በሆነ አልኮል ውስጥ ለዲኤንኤ ማስቀመጥ። በየጠርሙሱ ላይ ቀበሌውን፣ ሰብሉንና መጨረሻ የተረጨውን መድኃኒት መጻፍ። ጸሐፊው ገበሬዎቹን በቅርብ ስለሚያውቁ የትኛው ማሳ በምን እንደተረጨ ከማንም በላይ ሊያግዙ የሚችሉት እርሳቸው ናቸው።

ይህ ሁሉ ግን መሠራት ያለበት ግንቦት ሳያልቅ ነው። ዝናቡ ከጠነከረ ማይቱ ከቅጠል ይታጠባል፣ ቁጥሩም ይወርዳል፤ ለሙከራ የሚበቃ ሕያው ሴት ከየማሳው ማግኘት ያስቸግራል።